ኪሮሽ የወለደው ጥጃ

ባሌ ሳልህ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ሲነዳ አንድ ዶሮ እንኳ አልገጨም። እንዲህ የሚለው እሱ ነው፤ እኔ አብሬው አልተሳፈርኩም። ጡረታ ወጥቶ ቤት ከዋለ በኋላ ግን፣ አንድ ቅዳሜ ጠዋት፣ መኪና የለ ምን የለ፣ በሁለት እግሩ ሄዶ የልጅ ልጆቹን ወተት ወንዝ ውስጥ ጥሎ ተመለሰ። ላስረዳችሁ።

ጊዜው ነሐሴ ሰባ ስድስት ነው። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ የዚያን ዓመቱ ጉድ የወጣው ከእኛ ግቢ ነው። የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በዓል ደርሷል ተብሎ ከተማው ሁሉ ይጠረጋል፣ ይቀባል፣ አጥር ይታጠራል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ያለችው የእኛ ቀበሌም ቅዳሜ ቅዳሜ የጽዳት ዘመቻ አወጀች። ሳልህን የሰባት ግቢ ቡድን መሪ አደረጉት። ያን ቀን ቁመቱ ጨመረ። «ጓድ ሳልህ» ሲሉት መጀመሪያ ሌላ ሰው የተጠራ እየመሰለው ወደ ኋላው ይዞር ነበር፤ በሦስተኛው ሳምንት ግን ካልተባለ አይሰማም።

ግቢያችንን የምንጋራው ከሎሚ፣ ከባሏ ከኢቲቻና ከልጆቻቸው ጋር ነው። ኢቲቻ ወሰን በሚባለው ሰፈር አንድ ጋራዥ ውስጥ ይሠራል፤ በጨለማ ወጥቶ በጨለማ ይገባል። ሎሚ ከእንጦጦ ማዶ፣ ከሱሉልታ በኩል የመጣች የገበሬ ልጅ ናት። ከተማ ከገባች አሥር ዓመት ቢሆናትም ያለ ላም መኖር አልቻለችም። ከቤቷ ጀርባ በቆርቆሮ ጋጣ ሠርታ ቡሬ የምትባል አንዲት ላም ታረባለች።

እኔ ሱልጣና እባላለሁ፤ የዳንቴል ሴት ነኝ። ሬዲዮናችን፣ ሶፋው፣ ጠረጴዛው፣ የውሃ እንስራው ሳይቀር የኔን ዳንቴል ለብሷል። ሳልህ «ዝም ብዬ ብዙ ከተቀመጥኩ እኔንም ታለብሺኛለሽ» ይላል። ይበል። ፈረንሳይ ለጋሲዮን ውስጥ በኪሮሽ የምትበልጠኝ ሴት ካለች መጥታ ትንገረኝ።

በመጋቢት ልጄ ሰዓዳ መንታ ወለደችልኝ፤ ሙዘይንና አብዱልሰላም። ባሏ የአሰብ መንገድ ሾፌር ስለሆነ የምትታረሰው እኔ ዘንድ ነበር። ልጆቹ ማሻአላህ የሚበሉት እንደ ኩሊ ነው። የሰዓዳ ጡት አንዱን ያጠግባል፤ ያኔ ሌላው ይጮኻል። የዱቄት ወተት በዚያን ጊዜ ስሙ እንጂ ራሱ አይገኝም። በሐምሌ ቡሬ ስትወልድ ሎሚ ሳንለምናት አንድ ብርጭቆ ወተት በሰሃን ከድና ይዛ መጣች፤ ከዚያ ወዲህ ጠዋትና ማታ አልቀረችም። በሦስት ሳምንት ውስጥ የልጆቹ ጉንጭ ሞላ። ሰዓዳ እንቅልፍ አገኘች፤ እኔም ኪሮሼን አነሳሁ።

እንግዲህ ያቺ ቅዳሜ መጣች። የቡሬ ጥጃ ሁለት ቀን ሆዱን ሲያመው ከርሟል። ሎሚ በማለዳ ፉርሽካ ልትገዛ ወደ ሾላ ገበያ ስትወርድ ሳልህን «ጋሽ ሳልህ፣ ጥጃውን አደራ» አለችው። ሁለት ሰዓት ላይ ጥጃው ሞተ። አራት ሰዓት ላይ ደግሞ ጽዳት የሚያዩት ሰዎች ይመጣሉ። ቡድን መሪው ሳልህ አሰበ፤ ማሰቡ ነው ያጠፋን። የሞተ ጥጃ ግቢው ውስጥ ተጋድሞ ከሚገኝ ብሎ ትከሻው ላይ ጭኖ ወደ ቀበና ወንዝ ወረደ። የነሐሴ ወንዝ ደግሞ ዝሆን ቢሰጡት አይመልስም። ተመልሶ ጋጣውን ጠረገ፣ ጥጃው የተኛበትን ገለባ አቃጠለ፣ ወለሉ ላይ ኖራ ነሰነሰ። የመጡት ሰዎች አመስግነውት ሄዱ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም «ጎበዝ» ብዬዋለሁ።

ሎሚ ፉርሽካዋን ተሸክማ ገባች። የሆነውን ነገርናት። ከንፈሯን መጠጠችና «ሞት ያለ ነው» አለች። ከዚያ ዙሪያዋን አየችና «ቆዳውስ የት ነው?» ብላ ጠየቀች።

«የምን ቆዳ?» አለ ሳልህ።

«የጥጃው ነዋ።»

«ከነቆዳው ነው የወረወርኩት። ንጹሕ አድርጌ።»

ሎሚ የፉርሽካውን ከረጢት መሬት አስቀምጣ ላዩ ላይ ተቀመጠች። ላም ጥጃዋ ሲሞትባት ወተቷን እንደምትይዝ የነገረችን ያኔ ነው። በእነሱ አገር የሞተው ጥጃ ቆዳው ይገፈፋል፣ ገለባ ይሞላል፣ ጨው ይነሰነስበትና ላሟ ፊት ይቆማል። እሷ እሱን እየላሰች ወተቷን ታወርዳለች። ቆዳ ከሌለ ወተት የለም። የሌላ ጥጃ ቆዳ አይሆንም፤ የራሷን ልጅ ሽታ ነው የምትፈልገው።

«እኔ መኪና ነው የማውቀው» አለ ሳልህ።

ያን ቀን ማታ ሎሚ ልታልብ ስትቀመጥ ቡሬ ማለቢያውን በእርግጫ ጠልዛ ግድግዳ ላይ ለጠፈችው። እሑድ ጠዋትም እንደዚያው። ጡቷ አግቷል፤ ጠብ የሚል ግን የለም። ሎሚ ለሳልህ አንድ ክፉ ቃል አልተነፈሰችም፤ ዝም ማለቷ ነው የገደለኝ። ብትሰድበው እሰድባት ነበር፣ ተሰዳድበን እንታረቅ ነበር። በቤታችን ደግሞ ሙዘይን ሲያቆም አብዱልሰላም ይቀጥላል። የገብስ አጥሚት አቅጥነን ብንሰጣቸው ፊታችን ላይ ተፉት። ሰዓዳ ከእነሱ ጋር አብራ ታለቅሳለች። እኔ ሳልህን እንዳላናግረው፣ ልብሱንም እንዳላጥብለት በወላሂ ማልኩ።

ግን ጥፋቱ የቤቴ ጥፋት ነው። እሑድ ረፋዱ ላይ ለሎሚ «ቆዳ ከጠፋ እኔ ጥጃ እሠራለሁ» አልኳት።

«በምን?»

«በኪሮሽ ነዋ።»

አየችኝ። አልሳቀችም፤ ልትስቅ ግን ምንም አልቀራትም። «እትዬ ሱልጣና፣ እስቲ ይሞክሩት» አለች።

ዳንቴል ጠፍጣፋ ነገር ነው። ድቡልቡል ሥራ የማውቀው አንድ ብቻ ነው፤ የሳልህን የሶላት ኮፍያ። ከመሐል ትጀምራለህ፣ ዙር በዙር ታሰፋለህ፣ ሲበቃ ቀጥ ታደርጋለህ። ስቀመጥ ገባኝ፤ ጥጃ ማለት አፍ ለአፍ የተገጠሙ ሁለት ኮፍያዎች ነው። ትንሽ ኮፍያ ራስ ይሆናል። እግር የጣት ያህል ቱቦ ነው። በነጭ የዳንቴል ክር ሠራሁት። ቁመቱ ከአንድ ድመት አይበልጥም። ጀርባው ላይ ጽጌረዳ አወጣሁለት፣ ጥጥ ሞላሁት።

እንግዲህ የዳንቴል ሥራ ደንብ አለው። ዳንቴል ካለቀ በሳሙና ይታጠባል፣ ቀጥ ብሎ እንዲቆም በስኳር ውሃ ይነከራል፣ በካውያ ይተኮሳል። ያልታጠበና ያልደረቀ ሥራ ከቤቴ ወጥቶ አያውቅም፤ ለላምም ቢሆን አይወጣም። ከቀበሌ ሱቅ ተሰልፈን ያመጣናት ስኳር ሦስት ማንኪያ ቀርታለች። ሁለቱን ለጥጃው አዋልኩ። ሰዓዳ የቀረችውን አንዷን ማንኪያ አንስታ ደበቀች።

ሰኞ ማታ ጥጃዬን ይዤ ጋጣ ገባሁ። አራት እግሩ ላይ እንደ ወታደር ቀጥ ብሎ ቆሟል፣ ጽጌረዳው ያበራል። ሎሚ ስታየው አፏን በነጠላዋ ያዘች። ቡሬ አሸተተችው። አንዴ ላሰችው። ደገመችው። «ያ አላህ፣ ተቀበለችው» አልኩ። ሦስተኛ ስትልስ ጆሮውን ቆርጣ አላመጠች፤ ቀጥላ አንድ እግሩን። ከረሜላ መስሏታል እንጂ ልጇ አልመሰላትም። ሎሚ ጡቷን ስትነካት ማለቢያው እንደገና ግድግዳ ላይ ወጣ።

ሎሚ እዚያው እበቱ አጠገብ ቁጭ ብላ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። ቅዳሜ ስትመለስ ያልሳቀችውን፣ ያላለቀሰችውንም ጨምራ ሳቀች። እኔም ሳቅ ያዘኝ፤ ሁለት ሴቶች አንድ እግሩ የተበላ ጥጃ መሐል አስቀምጠን ተንፈራፈርን።

«እትዬ ሱልጣና» አለችኝ ዓይኗን እየጠረገች፣ «ላም ልጇን የምታውቀው በአፍንጫዋ ነው። ይኼ ጥጃ የሳሙና ልጅ ነው።»

«የጥጃውን ሽታ ከየት አባቴ ላምጣ? ያ ሰውዬ ጋጣውን ኖራ አልብሶታል።»

«እሱ ነው ችግሩ» አለችና ሳቋ ቆመ። «እስከ ነገ ማታ ካላወረደች ትነጥፋለች። ከነጠፈች ደግሞ እንደገና እስክትወልድ ነው፤ ዓመት ይፈጃል።»

ዓመት። ሙዘይንና አብዱልሰላም አንድ ሳምንትም አይጠብቁም።

ማክሰኞ ጠዋት እንዲህ ሆነ። ሳልህ ከቅዳሜ ጀምሮ ለቡሬ ውሃ እየቀዳ፣ ከእንጦጦ ሥር ሳር እያጨደ በጀርባው ያመጣል። ንስሐ መሆኑ ነው። ግን ላም ይፈራል። የጭነት መኪና ገደል አፋፍ ላይ ወደ ኋላ የሚነዳ ሰው፣ ባልዲውን በረጅም እንጨት እየገፋ ነው የሚሰጣት። ያን ጠዋት ባልዲውን ሲገፋ አዳለጠውና ቡሬ አጠገብ በጉልበቱ ወደቀ። ቡሬ አንገቷን ዘርግታ ትከሻውን አሸተተች። እንደገና አሸተተች። ከዚያ ከቅዳሜ ወዲህ ያልሰማነውን ድምፅ አወጣች፤ ዝቅ ያለ፣ ከሆዷ የሚወጣ። ትከሻውንም ትልሰው ጀመር።

«ሱልጣና» አለኝ ሳይንቀሳቀስ፣ «ልትበላኝ ነው።»

ላላናግረው ምያለሁና ዝም አልኩ። ሎሚ ግን በእጇ የያዘችውን ሳር ጥላ መጣች። አፍንጫዋን እንደ ላሟ የሳልህ ሹራብ ላይ አደረገችና ቀስ ብላ «ጥጃው እዚህ ነው ያለው» አለች።

ገባኝ። ያንን ቡናማ ሹራብ ለብሶ ነው ጥጃውን በትከሻው የተሸከመው። ከዚያ ወዲህ ከላዩ አላወለቀውም፤ ብርዱ የነሐሴ ብርድ ነው። እኔ ደግሞ አላጥብለትም ብዬ ምያለሁ። ሱልጣና በሰላሳ ዓመት ትዳሯ አንድ ጊዜ ልብስ ሳታጥብ ብትቀር፣ አላህ ያችኑ አንዷን ቀን መረጠ።

ሎሚ «ጋሽ ሳልህ፣ እንዳይነቃነቁ» ብላ በፍጥነት ማለቢያዋን አንስታ ከላሟ ሥር ገባች። ሁለት ጠብታ ወረደ። በጆሮዬ ሰማሁት። ግን የላም ምላስ ሞረድ ነው፤ ከትከሻው አልፎ አንገቱን ሲነካው ሳልህ ብድግ ብሎ እየጮኸ በበሩ ወጣ። ቡሬም ደንብራ ወተቷን ያዘች። ሹራቡን አስወልቀን ብቻውን ፊቷ ብናስቀምጠው አሸተተችና በአፍንጫዋ ገፋችው። ጨርቅ ነው፣ ተንጠፍጥፏል፣ ራስ የለውም፣ የሚላስ ጀርባ የለውም።

መሐላዬን ያፈረስኩት ያኔ ነው። አላህ ይቅር ይበለኝ። «ሳልህ» አልኩት፣ «ሹራብህን ልፈታው ነው።»

«ብርድ ነው እኮ» አለ በሸሚዙ እየተንቀጠቀጠ።

«ልጆቹስ?»

ቀና ብሎ አላየኝም። «ፍቺው» አለ።

ያንን ሹራብ በደሴ መንገድ ሲነዳ ለጣርማበር ብርድ ብዬ ራሴ ነኝ የሠራሁለት፤ አሥራ አራት ዓመት ለብሶታል። በእጄ የሠራሁትን በእጄ መፍታት አንጀቴን በላው። ጋጣው ውስጥ ኩርሲ አምጥቼ ቡሬ እያየችኝ ተቀመጥኩ። ክሩን ወስዶ መጠቅለል ሽታውን ያባክናል ብላ ሎሚ ከሹራቡ እየተረተረች ታቀብለኛለች፤ እኔ ደግሞ እየተቀበልኩ እሠራለሁ። በዚያ በኩል ሹራቡ ያጥራል፣ በዚህ በኩል ጥጃው ያድጋል። ከታችኛው ክር እግሩንና ሆዱን ሠራሁ። የትከሻውን ክር ለጀርባውና ለራሱ አስቀረሁ። ሰዓዳ ምሳ ሰዓት ላይ መጥታ በሩ ላይ ቆመች፤ አንዱ ልጅ ጀርባዋ ላይ ይነጫነጫል። እጄን ብቻ አየች።

«ጆሮው ሰፋ ይበል» ትላለች ሎሚ። «ያኛው ጆሮው ሰፊ ነበር።»

«ጆሮ ነው የምሠራው ወይስ ጃንጥላ?»

«አሁን ደግሞ አፍንጫው ሾለ። የፍየል ሆነ።»

«ሎሚ፣ የምትፈልጊው ወተት ነው ወይስ ፎቶግራፍ?» አልኳት፤ ፈትቼ ግን እንደገና ሠራሁት። በሥራዬ ሰው እንዲያርመኝ አልወድም፤ ግን ያንን ጥጃ ሦስት ሳምንት በእጇ ያሳደገችው እሷ ናት። ስንት ሌሊት ከእሱ ጋር እንዳደረች ስትነግረኝ ዋለች። ለካ ቅዳሜ «ሞት ያለ ነው» ያለችው እንዲሁ ለእኛ ብላ ነው።

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ጥጃው አለቀ። ገለባ ሞላነው። አስቀያሚ ነበር። አንድ እግሩ ያነክሳል፣ ክሩ አርጅቶ ፀጉሩ ቆሟል፣ ሽታው የጥጃ፣ የናፍጣና የሳልህ ነው። እጄ ሳላዘው ወደ ሳሙናው ሄደ። ሎሚ እጄን ያዘችኝና «እትዬ ሱልጣና፣ እባክዎ» አለች። ተውኩት። በሕይወቴ ሳላጥብ ከእጄ ያወጣሁት ሥራ ያ ብቻ ነው። ሎሚ ጨው በውሃ በጥብጣ ጀርባውን አሸችውና ቡሬ ፊት አቆመችው።

ዝናቡ ቆርቆሮውን ይቀጠቅጠዋል። ሳልህ የኔን ፎጣ ተከናንቦ በሩ ላይ ቆሟል። ቡሬ አሸተተችው። ራሱን፣ ጀርባውን፣ ጭራ ብዬ ያንጠለጠልኩትን ክር። ያቺን ከሆዷ የምትወጣ ድምፅ አሰማች። ከዚያ መላስ ጀመረች፤ ረጋ ብላ፣ ከአንገቱ እስከ ወገቡ፣ እንደገና ከአንገቱ። ሎሚ ከሥሯ ገብታ በኦሮምኛ ቀስ እያለች ታናግራታለች። መጀመሪያ ምንም አልነበረም። ቆይቶ አንድ ጠብታ። ቆይቶ ማለቢያው ውስጥ ጭርር ሲል ሰማን፤ ሁለተኛውም ተከተለ፤ ከዚያ የዝናቡን ድምፅ እስኪያስረሳን ድረስ ወረደ።

ሳልህ ያለቅስ ነበር። ሠላሳ ዓመት ሳያለቅስ የኖረ ሰው በእኔ ፎጣ አፍንጫውን ጠረገ። «ሌላ ሹራብ እሠራልሃለሁ» አልኩት። «አልበረደኝም» አለኝ፤ ጥርሱ ግን ይንገጫገጫል።

ሎሚ የማለቢያውን ግማሽ ያህል አልባ ተነሳች። እቤት ገብታ አንድ ብርጭቆ ሞልታ በሰሃን ከድና አመጣችልኝ፤ ልክ እንደ ድሮው። አልቀበልም አልኳት። አራት ቀን ሙሉ የሷም ልጆች ሻይ ነው የጠጡት፤ ይህ የሆነው ደግሞ በእኛ ነው። «ዛሬ ለልጆችሽ ይሁን፣ እኛ ነገ» አልኳት። አፌ ሌላም ብዙ አለ፤ ስለ ሳልህ፣ ስለ ጥፋታችን፣ ስለ ውለታዋ። ስናገር ማቆም አላውቅም።

ሎሚ እስክጨርስ ጠበቀችኝ።

«እትዬ ሱልጣና» አለች፣ «እኛ ቤት ላም ስናልብ ሦስቱን ጡት ነው የምናልበው። አራተኛው የጥጃው ነው፤ ሰው አይነካውም። እስከ ዛሬ የሰጠኋችሁ ከኔ ሦስት ነበር፤ እኔ ከፈለግኩ የምሰጠው፣ ከፈለግኩ የማልሰጠው።» ጥጃዬን በአገጯ አሳየችኝ። «ይኼ ደግሞ አፍ የለውም። ድርሻውን የሚጠጡለት ወንድሞቹ፣ ሙዘይንና አብዱልሰላም ናቸው። ከዛሬ ወዲህ ስጦታ አይደለም። አንድ ቀን ብዘገይ መጥተው ይቆጡኝ።»

ብርጭቆውን በሁለት እጄ ተቀብዬ በዝናቡ ውስጥ ወደ ቤት ተሻገርኩ።

ሰዓዳ ሁለቱንም ልጆች አቅፋ በሩ ላይ ቆማለች። «ሰጠችን?» አለችኝ።

«አልሰጠችንም» አልኳት። «የራሳቸው ነው።»